«አል…»

ቀበሌ አሥራ ሦስት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ
ስልክ እጠግናለሁ፤
ሚሞሪ ላመጣ፣ በሃያ ብር ሂሳብ፣ ሙዚቃ እሞላለሁ።
ዘፋኝ አላማርጥም፤
«ስንት ጊጋ?» ይሉኛል እንጂ ስለ ዜማ ማንም አይጠይቀኝም።

ግንቦት ላይ አንድ ልጅ መጣ፣ ቀጭን፣ ኮፍያው የዘመመ፣
ፍላሹ እንደ ተሰበረ ጣት በፕላስተር የታከመ።
«ደንገል ነኝ» አለኝ። (እናቱ ያወጣችለት ስም አንማው ነው፤
የጨርቃ ጨርቁ ዘበኛ ልጅ፣ ከሕፃንነቱ የማውቀው።)
ዘጠኝ ትራክ፤ የአልበሙ ስም «እምቦጭ»፤
ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀዳ፣ ብርድ ልብስ ዙሪያውን ከቦ፣
ከድምፁ ኋላ የጎረቤት ጄኔሬተር ተደርቦ።
«አትሽጠው፣ በትነው ብቻ፤
እምቦጭ መሬት አይፈልግም፣ ይንሳፈፋል» ብሎኝ ወጣ።

ስገለብጥ፣ ሰባተኛው ላይ መብራት ሄደ።
ሲመለስም አላጣራሁ፤ ደጄ ላይ ወረፋ ነበረ።
ከዚያው ከተቆረጠው ቅጂ አርባ ሦስት ሚሞሪ ሞላሁ፤
ከአርባ ሦስቱ ስንት እንደ ተዋለደ እኔ በምን አውቃለሁ፤
በብሉቱዝ ፔዳ ግቢ ገባ፣ በጀልባ ዘጌ ተሻገረ።

ሰባተኛው ላይ ከበሮው ይቆማል።
መቅዘፊያ ውሃ ሲመታ ብቻ ይሰማል፤
ከዚያ የልጁ ድምፅ፦ «አባቴ ከጣና አል…»
ቀጥ ይላል።

ባጃጅ ነጂው ደሳለው፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፦
«‹አልተከፈለውም› ነው! ምኑ ነው የሚያከራክረው?
ነዳጅ ወረፋ አድሬ ስመጣ፣ የኔን ሌሊት ማን ቆጠረው?»

ቅኔ ጀምሮ የተወው፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጥበቡ
ጣቱን አነሣ፦ «ኅብረ ቃል ነው፤ ቀስ ብላችሁ አስቡ።
አልፎ ይሆናል፣ አልቆ ይሆናል፣ አልቅሶም ይሆናል፤
ሰሙን እጃችን ላይ ትቶ ወርቁን ሐይቅ ውስጥ ጥሎታል።
ሦስተኛው ላይ ግን ‹ብር›ን በ‹ብር› ቤት መትቷል፤
የኔታ ቢሰሙት አለንጋ ነበር የሚገባው።»

ዘመናይ፣ የፖሊ ሦስተኛ ዓመት፣ ከአንድ ጆሮዋ ሽቦውን ነቅላ፦
«ቤዙ ልፍስፍስ፣ ድምፁ የታፈነ፣ ማስተሪንግ የሚባል የለም፤
ግን አዲስ አበቤ ልምሰል ሳይል፣ በጎጃምኛው ሲረግጠው፣
አክስቴ ስትቆጣ የሰማሁ መሰለኝ፤ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።
ሰባተኛው? እሱማ ፋይሉ ተበላሽቶ ነው።»
ማንም አልሰማትም።
እኔ የወደቀ ብሎን ፍለጋ ከጠረጴዛው ሥር ጎነበስኩ።

ዓሣ ገበያው ዳር ቅርፊት የምትፍቀው ባንቺአምላክ
የልጇን ስልክ ላሠራላት ሄጄ፣
«ራፕ ምን እንደሆን አላውቅም» አለች፣ «ሰው የሚያሯሩጠው ይመስለኛል፤
ያቺን ሰባተኛዋን ግን ድገማት።»
ደገምኩላት።
ሁለት ክረምት ሆነው፣ ባሏ ታንኳውን ገፍቶ ከወጣ።
«አልተመለሰም» አላለችም።
ቢላዋውን ብቻ አስቀመጠች፣
እጇን ታጠበች፣ የታጠበውን ደግማ አጠበች።

ሙሉው እኔ ጋ አለ፣ በፕላስተሩ ፍላሽ ላይ፦
«አባቴ ከጣና አልወሰደም ምንም
ካንዲት ቆሮሶ በቀር፤
እሷንም ውሻ እንጂ እሱ አልቀመሳትም።»
ከዚያ ሳቅ፤ ከዚያ ከበሮው ዘሎ ይገባል።
ቀልድ ነው። በቃ ቀልድ።

ነሐሴ ላይ አንማው መጣ፣ ኮፍያው ውሃ የሚያንጠባጥብ።
ነገርኩት፤ መብራቱን፣ አርባ ሦስቱን፣ ሁሉንም።
«ምርጧ ቀልዴ ነበረች» አለ፤ ባንኮኒውን በጥፍሩ ፋቀ።
«ሰዉስ ምን አለ?»
ጥበቡን ነገርኩት፣ ሰደበው። ደሳለውን ነገርኩት፣ ሳቀ።
ባንቺአምላክ ላይ ስደርስ
ኮፍያውን አወለቀ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብዙ ቆየ።
«ሙሉውን ለማንም አትስጥ።»
በሩ ላይ ደርሶ ዞረ፦
«ቢላዋውን አስቀመጠች ነው ያልከኝ?»