የመቃኑ ዙሪያ

በሳሎንና በጓዳ መሀል፣ በዚያች በር ዙሪያ፣
ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበር፣ የንፋስ ማደሪያ።
ክረምት ሲገባ ጅማ ላይ፣ ዝናቡ ሲበረታ፣
ብርዱ ካዌቱ ተነስቶ፣ ሽቅብ በሄርማታ፣
«ቤቶች!» እንኳ ሳይል፣ በመቃኑ ጎን ገብቶ
ያባቴን ጉልበት ይይዛል፣ ብርድ ልብሱን ከፍቶ።

እሱ ደግሞ ያስላል።
አንዴ። ዝም። ሁለቴ። ከዚያ «ያ ረቢ» ይላል።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ እቁብ ደረሰኝ፤ ግንበኛው ዳልኬ መጣ፣
ጣቱን በስንጥቁ ሰደደና በወዲያኛው ጎን አወጣ።
«ይሄ ግድግዳ አይደለም» አለኝ፣ «ዋሽንት ነው እንጂ፤
እስከ ዛሬ እንዴት ቻላችሁት፣ የሰው ልጅ?»

እኔማ ፎም ገዝቼ ነበር፣ በጣሳ የሚነፋ፣
ሻጩ የማለልኝ፣ «ከዚህ ወዲያ ብርድ ጠፋ»።
ዳልኬ ጣሳውን ነቀነቀ፣ አሸተተ፣ መለሰ፤
«ጭቃን በጭቃ ነው እንጂ፣ በአረፋ ማን አለበሰ?»

ጓሮ ጉድጓድ ቆፈርን፤ ቀይ አፈር ከጭድ ጋራ
ውሃ አጠጥተን ረገጥነው፣ እኔና እሱ በተራ።
ሰባት ቀን ይብላላ ተባለ። ተብላላ። ሸተተ።
ሸምሲያ ባጥሩ አሻግራ ጠየቀች፣ «ምን ሞተ?»

በስምንተኛው ቀን መቃኑን ፈነቀልነው፣
ሚስማሩ እየጮኸ። ውስጡን በስልክ መብራት አየነው።
ከማገሩ መሀል የጆንያ ብጣሽ፣ ተጠቅልሎ፣ ተወትፎ፣
ቃጫ ወገቡን አስሮት፣ ምስጥ ዳሩን ቀርፎ፤
አንዱ ላይ ቁጥር አለ፣ በጥቁር ቀለም፣ ስልሳ።
የሚዛን ቤቱ ጆንያ። ያባቴን እጅ ጽሑፍ ማን ይረሳ?

«እኔ ነኝ» አለ ካልጋው፣ ሳንጠይቀው፣ ቀድሞ፣
«አንቺ በተወለድሽ ሰሞን፤ ሐምሌ ነበር ደግሞ።
አራስና ንፋስ አይስማማም። ለመንኩ ከመጋዘን፣
በቢላ ጫፍ ጎሰጎስኩት። ለጊዜው ነበር። ይኸው ሠላሳ ስድስት ዓመት አቆየን።»

ዳልኬ አውጥቶ ሊጥለው ሲል፣ እጁን ያዝኩት።
አራግፌ፣ ፀሐይ አስመትቼ፣ ከነቁጥሩ መልሼ ወተፍኩት።
በላዩ ላይ ጭቃውን መረግን፣ በመዳፍ፣ በጡጫ፣
እርጥብ በደረቅ ላይ ጭነን፣ መሀል መሀሉን ቃጫ፤
ሲደርቅ ልስን፣ ከዚያ ጀሶ። ሻማ ለኩሼ ዙሪያውን ፈተሽኩ፤
ነበልባሏ ቀጥ አለች። ዳልኬን ከፈልኩት፤ ጉርሻም ጨመርኩ።

ያን ማታ ዘነበ። ቆርቆሮው ሲንጫጫ አመሸ።
ሳሎን ተጋድሜ ጠበቅሁት፤ ብርዱ በር ላይ ደርሶ ሸሸ።
ደስ አለኝ። ተኛሁ። ነቃሁ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ምን እንደ ጎደለ አጣሁ።

ሳል የለም። «ያ ረቢ» የለም። የአልጋው ሲጥ ማለት የለም።
በዚያች ስንጥቅ እየገባ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያስተኛኝ ድምፅ የለም።

በባዶ እግሬ ሮጥኩ። በሩ ከአዲሱ መቃን ተጣብቆ ያዘኝ፣
በትከሻዬ ገፋሁት፤ የጓዳው ሙቀት ተቀበለኝ።
እሱ ቁጭ ብሏል በጨለማው፣ መቁጠሪያውን ይዞ፣
ዓይኑ ወደ በሩ ፈዞ።

«ኢንተላ ኮ፣ አለሽ እንዴ? ኮቴሽን ስላልሰማሁ፣
ወጥተሽ የቀረሽ መስሎኝ፣ ስንት ጊዜ ተጣራሁ።»

የፎሙን ጣሳ ፈልጌ በሩ ሥር ሸጎጥኩት፣
ጣት የሚያስገባ ያህል ገርበብ አድርጌ ተውኩት።
ትንሽ ብርድ ገባ። ይግባ፤ ቤቱን እንደሁ ያውቀዋል።
አንዴ ሳለ። ዝም። ሁለቴ።
ቆይ፣ አሁን «ያ ረቢ» ይላል።