አንቺስ?

ከግራ ትከሻው ዝቅ ብሎ፣ ከቆዳው በታች፣
የክብሪት ቀፎ የምታህል ብረት አለች።
እሱ ይተኛል፣ እሷ ትጠብቃለች፤
ከራስጌው ያለች አረንጓዴ መብራት
ያየችውን ሁሉ ለሆስፒታሉ ትነግራለች።
እኔም እጠብቃለሁ።
ለአንድ ልብ ሁለት ዘብ ምን ያደርጋል? አትበሉኝ፤
ያቺን የመጋቢት ማታ እናንተ አላያችሁልኝ።

ብርቱካን ሳቀብለው፣ ጣቱ ጣቴን ነካ፤
ፈረስ የረገጠው መሰለኝ። ለካ
ብረቷ ነበረች፣ ልቡን የመለሰች፤
እስከ ክርኔ ድረስ ለእኔም ደረሰች።
ሐኪሙ «ሥራዋን ሠራች» ብሎ ሳቀ።
ወንድይራድ ዳነ።
የእኔ እንቅልፍ ግን እንደ ጥርስ ወለቀ።

ከዚያ ወዲህ ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ በስድስተኛው ፎቅ፣
ማቀዝቀዣው ዝም ካለ እባንናለሁ፤
ዝምታን እንደ ሌባ ኮቴ አዳምጣለሁ።
ክንዴን ደረቱ ላይ ጣል አድርጌ፣ እንደተኛ ሰው፣
እቆጥራለሁ። እስከ መቶ። ደግሞ ከአንድ።
«ስልክህን ከግራ ኪስህ አውጣ፣
እጅህን አታንሳ፣ ጨው ይበቃሃል» እለዋለሁ።
«እንቁላል አይደለሁም!» ይለኛል ተቆጥቶ፣
አሥራ አንድ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው፣ መሪውን ተቀምቶ፣
መስኮት ሥር የሰው መኪና ሲቆጥር ውሎ አምሽቶ።
ቀን በሰው ዓባያ ላይ ዶቃ እተክላለሁ፤
የመድኃኒቱን ሰዓት በቀይ እስክሪብቶ ጽፌአለሁ፤
የራሴን ጥርስ ሕመም በቅርንፉድ አስተኝቻለሁ።

ከአገር ቤት ሲደውሉ «እሱ እንዴት ነው?» ይላሉ።
«ይመስገን» እላለሁ። «ይመስገን» ብለው ይዘጋሉ።

በሰኔው ቀጠሮ ማሪሴል የምትባል ነርስ
ልቡን በስክሪን ላይ እንደ ደብዳቤ አነበበች፤
«ባትሪው ገና ሰባት ዓመት አለው» አለች።
ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።
«ወኢንቲ?»
አንቺስ ማለቷ ነው፣
የእሷም የእኔም ባልሆነ ቋንቋ።
አፌ ውስጥ የነበረው «እሱ ደህና ነው» ብቻ።
የእሱን ልብ ልብ የሚል ብረት አለ፣ መብራት አለ፣ እኔ አለሁ፤
የእኔን ልብ ማን ልብ ይለዋል?
እንባዬ መጣ። እሱ ጫማውን ያስር ነበር፤
ቀና አላለም፤ ግን ማሰሪያው ላይ ብዙ ቆየ።

ሐሙስ ማታ ጎረቤታችን ሱሃራ ከባሏ ጋር መጣች፣
የሉዶ ሰሌዳ ይዛ። «ሂጂ» ብላ በሩን ከፈተች።
ወረድኩ። ወበቁ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ።
ጀልባ ላይ ብዬ ከውሃው ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤
ተኛሁ።
ቦርሳዬን ታቅፌ፣ አፌን ከፍቼ፣ ምንም ሳልቆጥር።
ስነቃ አርባ ደቂቃ አልፏል። ስልኬ አልጮኸም።
ማንም አልሞተም።

ከሕንፃው ሥር ስደርስ ሽቅብ አየሁ፤
በረንዳው ላይ ወንድይራድ፣
ከመጋቢት ወዲህ ያላነሳውን ግራ እጁን
ከራሱ በላይ አውጥቶ ያውለበልባል።
«አውርድ!» ልል አፌን ከፈትኩ።
ከዚያ
እኔም እጄን አነሳሁ።