ከጣርማ በር ማዶ

በካርታው ላይ ቀይ ነጥብ ነን፤
ሚስተር ፔሬራ በጨረር መጠቆሚያው ይነካናል፣
«ኮሎምቦ፣ ዳካ፣ ሃኖይ፣ ደብረ ብርሃን» ይለናል።
እኔ አስተረጉማለሁ፣ እንጀራዬ ነውና፣
ለአዲስ ገቢ ልጆች፣ ከጅሩ፣ ከመንዝ፣ ከሞጃና።

«ድርጅታችን ድንበር አያውቅም» ይላል፣
«ዓለም አንድ ሰፈር ናት፤ ርቀት ሞቷል።»
ተረጎምኩት። ቃል አልቀነስኩም።
ታንጉት ከኋላ እጇን ስታወጣ ግን አላማረኝም።
«ሞቶ ከሆነማ» አለች «ነፍሱን ይማር፣ ርቀት፤
ዚፑ ታዲያ ጅቡቲ ላይ ምን ይሠራል ሦስት ሳምንት?
ለቅሶ ተቀምጦ ነው?»
ልጆቹ ሳቁ። እሱም «ምን አለች?» ሲል ፈገግ ብሎ፣
«ዚፑ መቼ ይገባል?» አልኩት፣ ቀሪው ምላሴ ሥር ተጠቅልሎ።

ርቀትን አጎቴ ይፍሩ ያውቀዋል፤
የመሐል ሜዳው ባና ሻጭ፣ በጫንቃው ለክቶታል።
አንድ ዓመት በጉ ሁሉ ተሸለተ፣ ባና በዛ፣
ከገበያ ገበያ ቢዞር ማንም አልገዛ፤
«ቅርንጫፍ ልክፈት» አለ፣ ቃሉን ከሬዲዮ ለቅሞ፣
ሃያ ባና በአይሱዙ ጭኖ፣ በላዩ ላይ ተጋድሞ
ጣርማ በርን ወረደ።
በጉም ገባ፣ በላብ ወጣ፤
ሸዋ ሮቢት ሱቅ ተከራየ፤ ተቀምጦ ገዢ አጣ።
ሰው አልጋውን ደጅ በሚያወጣበት፣
ሌሊቱ እንኳ በሚያልብበት፣
ማን ይግዛው? መጥተው ጠጉሩን ዳሰሱ፤
«የስንት ዓመት ፍርድ ነው?» ብለው ስቀው ተመለሱ።
የግማሽ ቀን መንገድ ናት። ቋንቋው ያው፣ ብሩ ያው፣
ፓስፖርት የጠየቀው የለም፣ «ቀረጥ» ያለው፤
ሙቀት ብቻ ነው ያከሰረው።

ሦስተኛው ወር ላይ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር መጣ፣
ባለፈው ጣርማ በር ላይ ጎማው ፈንድቶ ሌሊቱን በብርድ የተቀጣ።
አንድ ገዛ፤ ባልደረቦቹን ላከ።
«አየሽ» ይለኛል አጎቴ «ከተማ አይገዛሽም፣ አገርም አይገዛ፤
መንገደኛ ነው የሚገዛ።»

እኛ የምንሰፋው ጃኬት የበረዶ አገር ልብስ ነው።
ታንጉት በሌሊት ፈረቃ ነጠላ ደርባ ትሰፋዋለች፣
እጇ ሲደነዝዝ እጅጌው ውስጥ ከትታ ታሞቃለች።
ዋናው ቢሮ ለሥልጠና ጠራኝና ኤምባሲ ቀረብኩ፤
የባንክ ደብተር፣ የቤት ካርታ፣ የጋብቻ ወረቀት ተጠየቅኩ።
«መመለስሽን በምን እናምናለን?» አለችኝ ከመስታወቱ ኋላ።
ጃኬቱን ይህን የጠየቀው የለም፤
እሱ ደግሞ አይመለስም።

በጥቅምት አንድ ደብዳቤ ደረሰ፤ እዚያ ማዶ ቀረጥ ተጥሏል።
ካርታው ላይ ነጥባችን ደበዘዘ፣
ማሽኖቹ አንድ በአንድ ላስቲክ ለበሱ፤ ማዘዣው ተሰረዘ።
ርቀት አልሞተም ኖሯል፤ አድፍጦ ነበር፣
ዚፑ ጋ፣ መስታወቱ ጋ፣ ደብዳቤው ሥር።

ሚስተር ፔሬራ ሻንጣውን ቆለፈ፤ በዘጠኝ ዓመት አምስተኛ አገር፤
እናቱ ስትቀበር በስልክ ነው ያየው፣ እሱም ኔትወርክ ሲኖር።
አሁን የሚልኩት ወደ አንድ ተራራማ ከተማ ነው፤
«ብርድ አለው ይላሉ» አለኝ፣ እኛ ብርድ እንደማናውቅ ነገር።
ገበያ ይዤው ወጣሁ። አጎቴ ከመንዝ ወርዶ ነበር።

ጥቁሩን ባና አነሳ፤ ጫንቃው ላይ ጣለው፤ ከበደው።
በጣት ተከራከሩ፣ በጣት ተስማሙ፤
እኔን የፈለገኝ የለም፤ ቆሜ ጣት ቆጠርኩ።
ብሩ ሲቆጠር አጎቴ በዓይኑ ጠቀሰኝ፤
«አላልኩሽም?»
ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣
«በፍል ውሃ እንዳያጥበው ንገሪው፤ ይጠባል።»

ነገርኩት።
ቃል አልቀነስኩም።