ሃያ ሰባት

ለደም ግፊቱ ነው የመጣነው እኛ፣
እሱ ሾፌር ሆኖ፣ እኔ መንገደኛ፤
የቺሎዌ ዝናብ ጣራውን ሲመታ፣
ካስትሮ ጤና ጣቢያ፣ ሰኞ ወደ ማታ።

ነርሷ ዱልሴሊና ጠየቀች በተራ፦
«ታንኮራፋለህ ወይ?» «ኧረ!» አለ፣ ኮራ።
የጎረቤት ውሻ የሚያውቀውን ወሬ
እሱ ነው ያልሰማው፣ ተኝቶ እስከ ዛሬ።

በልብስ ሰፊ ሜትር አንገቱን ለካችው፤
አርባ ስድስት ሴንቲ። ጻፈችው። አየችው።
ሸሚዝ ስገዛለት የማውቀው ቁጥር ነው፤
ለካስ በዚህም ነው ሌሊት የሚለካው።

«ትንፋሹ ሲቋረጥ ያየ አለ ወይ?» አለች።

ክፍሉ ጸጥ አለ።
ያየሁት እኔ ነኝ፤
ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ፣ የኔንም ትንፋሽ ይዤ፣
አንድ… አሥር… አሥራ ዘጠኝ…
የኤሌውቴሪዮ ደረት ዝም፣
ከዚያ እንደ ሰመጠ ሰው አየር ሲሻማ።

«ሃያ ሰባት» አልኳት።
ፎርሙ «አዎ» እና «አይ» ብቻ ነው፤ ለቁጥሬ ቦታ የለውም።
ኅዳጉ ላይ ጻፈችው።

እሱ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ
«ስንት ዓመት?» አለኝ።
ያንን አልቆጠርኩም።

ደጅ ስንወጣ እጄን ዘረጋሁ፤
ሳይናገር የመኪናውን ቁልፍ ሰጠኝ።