ውሃ ልክ

ታርቱ ላይ፣ በየካቲት፣ ወንዙ በረዶ ሆኖ፣
የበርች ፍልጥ ጭስ ሰማዩን ሸፍኖ፣
ሃያ ዓመቴ ነበር። ሥራዬ? ብርጭቆ ማጠብ፤
ሁለት ድንክ፣ አንድ መለሎ፣ ለሕፃናት ልብ
መመርመሪያ የሚሆኑ። ውሃውን በቀይ ሥር ጭማቂ
አቅልቼ አቀርባለሁ፤ ፕሮፌሰር ኡርቬ ጠያቂ።

ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ደረጃ ተሥሏል፤
ታችኛው ላይ ሕፃን በዳዴ ይሄዳል፣
ሁለት ዓመት፣ ሰባት ዓመት፣ አሥራ ሁለት ዓመት፣
እየጠና፣ እየበሰለ፣ እየወጣ ወደ እውቀት፤
አናቱ ላይ ወጣት ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።
«ከዚያ ወዲያስ?» አልኳት። «ከዚያ ወዲያ አልቋል።»
ያለቀው ወረቀቱ ነው ሰውዬው? አልጠየቅኩም፤
አጣቢ ነኝ እንጂ ተመራማሪ አይደለሁም።

አንድ ማለዳ ታርሞ ገባ፤ አምስት ነው ዓመቱ፤
ካንገቱ በክር ተንጠልጥሏል የሱፍ ጓንቱ።
ከድንኩ ወደ መለሎው ኡርቬ ገለበጠች፤
«አሁንስ የቱ ይበዛል?» ብላ ጠየቀች።
ጣቱን ወደ ረጅሙ። «ይሄ!»
«ለምን?» አለች።
«ባለፈው ጸደይ ወንዙ ተነሣ፣ ተነሥቶ ቆመ፤
ካያቴ ምድር ቤት ገብቶ ድንቹን ሁሉ ለቀመ።
ተኝቶ ሳለ ጥቂት ነው፣ ማንንም አይነካም፤
ሲቆም ግን ይበዛል፣ ምድር ቤትም አይበቃውም።»

መዝገቡ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤ «ደርሷል»፣ «አልደረሰም»፤
ወንዝ የሚጻፍበት ሦስተኛ ሳጥን የለም።
«አልደረሰም» ብላ ጻፈች፣ እንደ ጥሬ ፍሬ፤
እኔም ውሃውን ደፋሁት፣ ጨርቄን ይዤ ዞሬ።

ከዓመታት በኋላ አንድ እንግዳ ከላይፕዚግ መጥቶ
አዳራሹን አነቃው፣ ጠመኔ በእጁ ይዞ፦
«ሰው እስኪሞት ያድጋል፤ እያገኘ፣ እየጣለ፤
ሕፃንም አፉን ሲፈታ የሌላ አገር ድምፅ ይጥላል» አለ።
ኡርቬ አጨበጨበች። ሥዕሉ ግን ግድግዳው ላይ ዋለ።

ሩብሉ ሄደ፣ ክሮኑም ሄደ፣ ዩሮ መጣ፤
ጉልበቴ ፎቅ ባየ ቁጥር ያሰማል ቁጣ።
በሃምሳ ስድስቴ ዋና ተማርኩ፣ ከልጅ ልጄ እግር ሥር፣
«ገና አልደረሽም!» እያለችኝ ከወዲያኛው ዳር።
በስልሳ ሦስቴ አፈቀርኩ፣ ጎረቤቴን ሄልዱርን፤
ደረጃው ላይ አልነበረም፤ ማን ይሥለው ይህን?

ኡርቬ ከአረጋውያን ቤት ናት፤ ሰማንያ ስምንቷ፤
ስሞች እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ይረግፋሉ ካንደበቷ።
ሐሙስ ሐሙስ እጠይቃታለሁ። የዛሬ ሳምንት ታዲያ
አንድ አናጢ ደረጃው ላይ ይሠራል መደገፊያ፤
ሸበቶ ነው፤ ውሃ ልኩን እንጨቱ ላይ አጋድሞ
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፣ አረፋዋን፣ ደጋግሞ።
ስሙን ጠየቅኩት። «ታርሞ።»

ቀዩን ውሃ ያስታውሳል፣ መልሱ ግን ጠፍቶታል፤
«ወድቄ ነበር መሰለኝ» ይላል፤ ይስቃል።
የወንዙን ነገር ነገርኩት። ዝም አለ። ምድር ቤቱ፣
ድንቹ፣ የአያቱ ቦት ጫማ መጣ መሰለኝ ከፊቱ።

ከልማድ ይሁን ከተንኮል፣ ከመደርደሪያው አነሣሁ
ሁለት ድንክ፣ አንድ መለሎ፤ ድንኮቹን በእንጆሪ ጭማቂ ሞላሁ።
ኡርቬ በሚንቀጠቀጥ እጇ አንዱን ድንክ አንሥታ
ወደ መለሎው ገለበጠች፣ ጨርቁንም ጥቂት አጠጥታ።
«ለፍተሃል፤ የሚበዛውን አንተ ጠጣ» አለችው።
ረስታ ነው? ቸርነት ነው? ሁለት ሳጥን አይበቃው።

«ልክ ነዎት» አላት ታርሞ፣ ከንፈሩን እየጠረገ፤
ውሃ ልኩን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ አረፋዋን ፈለገ።
ያዘነብላል። ካርቶን አጥፎ ካንደኛው እግር ሥር ከተተ።
ኡርቬ መነጽሯን አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ፣
«ደረሰች?» አለችው።
«ገና ናት፤ ገና አልደረሰችም፤
ትንሽ እንጠብቃት።»
ጠበቅን። ማናችንም አልተነሣንም።