ለብ ያለ ውሃ

በሦስተኛው ፎቅና በአራተኛው መሃል
አንድ ደረጃ አለ፤ ጥጉ ተሸርፏል።
እዚያ ነው ያደግነው፣
ጀርባችንን ለማሞቂያው ቧንቧ ሰጥተን፣
አራት ልጆች፣ አንድ ጊታር፣
አንዲት ባለጆሮ ኮፍያ በየተራ አጥልቀን።

ውጭው ኡላንባታር ነው፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ፤
ውሻ አፍንጫውን በጅራቱ ሸፍኖ ተኝቶ የማይነሳ።
የጊታሩ ሦስተኛ ክር የስልክ ሽቦ ነበር፤
ዳምባ ከአባቱ መሥሪያ ቤት ነቅሎት፣
በጥርሱ ሲያስር፣ ሲፈታ፣ ሲያስር።
ዘፈኑን በሌሊት ከሚንኮሻኮሽ ራዲዮ ለቅመን፣
ቃሉን በሰማነው ልክ በሂሳብ ደብተር ጽፈን፣
ትርጉሙን ሳናውቀው፣ ዓይናችን እንባ ሞልቶ እንዘፍናለን።

ለምን ደረጃው ላይ? ብትሉኝ፦
ክፍል ውስጥ የዘፈንከው ምንጣፉ ላይ ይሞታል፤
እዚያ ግን ስድስት ፎቅ ወጥቶ፣
ሌላ ሰው የዘፈነው መስሎ ተመልሶ ይመጣል።

መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው።
የእመት ዱልማ በር ይከፈታል፤
«እናንተ ውርጋጦች! ሰው ይተኛል!»
ባልዲዋ ከላይ ይገለበጣል።
ጊታሩን እንደ ጨቅላ አቅፈን፣
ፀጉራችን ላይ በረዶ እየሠራ፣ በሳቅ እንበተናለን።

ቀጥሎ የልጄ፣ የቹሉን ተራ መጣ፤
ሱሪው ሁለት ሰው የሚይዝ፣
ጫፉ ደረጃውን እየጠረገ የሚወጣ።
መብራት በፈረቃ ነበር፤ ዳቦ በካርድ።
በጨለማው አንዱ በአፉ ከበሮ ሲመታ፣
ሌላው ቃል በቃል ላይ ሲተፋ፣
እንደ ተሳዳቢ፣ እንደ ጨረታ።
ዜማ የለ፣ ክር የለ።
«ይሄ ዘፈን ነው ወይስ ጠብ?» አልኩት አንድ ማታ።
«ጠብ ነው» አለ።
ከማን ጋር? ብዬ ሳልጠይቀው ቀረሁ።
ጥያቄው የመጣልኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣
ለሴኡል የመጋዘን ሥራ ሸኝቼው፣
ከአውሮፕላን ማረፊያ በአውቶቡስ ብቻዬን ስመለስ ነው።

ልጁን፣ አኑዳሪን፣ ለእኔ ትቷት ሄደ።
አሥራ ስድስት ሞልቷት፣
እሷም እዚያችው ደረጃ ላይ ናት።
ግን ድምፅ የለም።
ከሁለት ጓደኞቿ ጋር፣
ጆሯቸው ውስጥ ባቄላ የሚያህል ነጭ ነገር ሰክተው፣
ስልኩን ቧንቧው ላይ አስደግፈው፣
እጅ ያነሳሉ፣ አንገት ይሰብራሉ፣ ሦስቱም እንደ አንድ ሰው።
በበሩ ቀዳዳ ሳያቸው የዓሣ ገንዳ ይመስላሉ፤
የሚሰማኝ የካልሲያቸው ፍትጊያ ብቻ ነው።

«ቤት አትገቡም?»
«ቤት አንተ አለህ።»
«ላይኛው ፎቅስ?»
«እዚያ ዋይፋይህ ይደክመዋል፤ የሚይዘው እስከዚህች ደረጃ ነው።»

እኔ በጩኸት የተባረርኩት ሰውዬ፣
ባለፈው ማክሰኞ በዝምታ ተናደድኩ።
ምን ዓይነት ወጣትነት ነው፣ ጎረቤት የማይቀሰቅስ? ብዬ
ሳጥኑን ከግድግዳው ነቀልኩ።

ዓይኔን ቀዳዳው ላይ ለጠፍኩ። ሦስት ፊት ባንዴ ቀና አለ።
ተያዩ። አንዷ ሳቀች፤
ሳቋ ስድስት ፎቅ ወጥቶ፣ የሌላ ሰው መስሎ ተመለሰ።
ኮፍያቸውን ፈለጉ፤ ሊወርዱ ነው፣ ወደዚያ ብርድ።

ትዝ ያለኝ ያኔ ነው፣ ሃምሳ ዓመት ሳላስበው።
የእመት ዱልማ ውሃ ለብ ያለ ነበር።
በዚያ ክረምት የቧንቧ ውሃ ጥርስ ያረግፋል፤
የሷ ግን፣ ማጅራቴ ያስታውሳል፣
ለብ ያለ ነበር።
ማለት ሴትዮዋ ማንቆርቆሪያ ጥዳ፣
በጣቷ ለክታ፣
ባልዲዋን ይዛ ከበሯ ጀርባ ቆማ፣
ሁለት ዘፈን ሙሉ ጠብቃ ነው
«ሰው ይተኛል!» ያለችን።
አሁን የት ሄጄ ልጠይቃት?

መልሼ ሰካሁት።
ቀይ ሆነ፤ ብልጭ ድርግም አለ፤
አረንጓዴ እስኪሆን ሁለት ዘፈን ያህል ፈጀ።
በሩን ከፍቼ፣ በቀረኝ ድምፅ ሁሉ፣
«እናንተ ውርጋጦች! ሰው ይተኛል!»

አኑዳሪ ነጩን ባቄላ ከጆሮዋ አወጣች፤
«ምን አልክ፣ አያቴ?»