ወደ ኋላ መመለሻ

ማክሰኞ ማታ። ፔኒሽ። አሮጌው የሰርዲን ፋብሪካ።
ማሽኑ ከተነቀለ ሃያ ዓመት፣ ሽታው ግን አልወጣም ለካ።
ስድስት ኮምፒውተር አለን፣ ስምንት ተማሪ፤
የሁሉም ልጅ የምሆን እኔ ነኝ አስተማሪ።

«ይህ ማውስ ነው» አልኳቸው፣ «አይጥ እንደ ማለት።»
ቤልሚሮ ሳቀ፣ የጀልባ ሰው፣ ጥርሱ ሁለት፦
«አርባ ዓመት ገመዴን ከአይጥ ስጠብቅ ኖሬ
አይጥ በገመድ አስሬ ልንዳ ዛሬ?»
ጠቋሚዋን ሲከተላት ጠረጴዛው አለቀበት።
«አንሣው» አልኩ፣ «ከፍ አርገህ መልሰው ወደ ነበረበት፤
ቀስቷ አትሄድም፣ ትጠብቅሃለች በቆመችበት።»

«የይለፍ ቃል ምስጢር ነው» ስል፣ አልሲና ተነሥታ
«የድመቴን ስም አርጌዋለሁ!» አለች፣ ለሁላችን አሰምታ።

ዴኦሊንዳ ዳንቴል ሠሪ ናት፤ ሰባ አንድ ነው ዕድሜዋ።
«ስሙን ተይው፤ ሆዱ ውስጥ ምን አለ?» ይኸው ነው ጥያቄዋ።
«ሁለት ነገር ብቻ» አልኳት፣ «ዜሮ እና አንድ፤
ወይ በርቷል፣ ወይ ጠፍቷል፤ ሌላ የለውም መንገድ።»
ዝም አለች። ቢልሮ የሚሏቸውን የእንጨት ማጠንጠኛዎች አወጣች፤
ክሩን አቋረጠች፣ ጠመዘዘች፤ አቋረጠች፣ ጠመዘዘች።
«የኛም ሁለት ነው» አለች፣ «ማቋረጥና መጠምዘዝ፤
ዓሣውም፣ ዛጎሉም፣ የሙሽራ እጅጌም ከዚህ የሚመዘዝ።»
እኔ ባለ ዲፕሎማዋ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን ትቼ በትራሷ አስተማርሁ፦
«ራም የምትሠሪበት ትራስ ነው፤ የተጀመረው ያለበት፤
ዲስኩ ሣጥንሽ ነው፤ ያለቀው የሚተኛበት።
ካላስቀመጥሽ ግን...» ሳልጨርስ የአትላንቲክ ነፋስ መጣ፤
መብራት ጠፋ። ስድስቱም ስክሪን ጨለማ ጠጣ።

ሲመለስ የአልሲና ደብዳቤ የለም።
ለጡረታ ቢሮ፣ በአንድ ጣት፣ ሰዓት ሙሉ የለቀመችው ፊደል፣ አንዱም።
ካፖርቷን ለበሰች። አልሰደበችኝም፤ ያ ነው የባሰው።
«አስቀምጥ» የሚለው ቃል ነበር መጀመሪያ ማስተማር የነበረብኝ ለሰው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ (አልሲና መጥታለች) የመመለሻው ተራ ደረሰ፤
ኮንትሮልና ዜድ። ቤልሚሮ ጫነ፤ የሰረዘው ቃል ተመለሰ።
ደግሞ ጫነ። ደግሞ። ወደ ኋላ ሄደ በየቃሉ፣
ገጹ ባዶ እስኪሆን፣ የጻፈው እስኪጠፋ ሁሉ።
«እስከ የት ይመልሳል?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።
«ፋይሉ እስከ ተከፈተበት፤ ከዚያ ወዲያ አይችል።»
ጣቱ ቁልፉ ላይ ቆየ።
በየትኛው ክረምት፣ ከየትኛው ጀልባ፣ የማን ወንድም እንደቀረ
ሁሉም ያውቃል እዚህ ክፍል፤ ማንም አልተናገረ።

ዴኦሊንዳ ብቻ፣ ማጠንጠኛዋን እያንኳኳች፣
«ዳንቴልም ይተረተራል፣ እስከ መጀመሪያዋ መርፌ» አለች፤
«ክሩ ግን የታጠፈበትን አይረሳም።»

ቤልሚሮ መለሰላት? የለም። አዲስ አቃፊ አሳየኝ አለኝ፤
ፊደል በፊደል ለቀመ፦ ስልቪኖ። ከዚያ ዞሮ አየኝ።
«ውስጡ ባዶ ነው እኮ» አልኩት።
«ይሁን። አስቀምጥ የቱ ጋ ነው?»
«አቃፊ አያስፈልገውም፤ ስም ከሰጠኸው ይኖራል።»
«እርግጠኛ ነሽ?»
«እርግጠኛ ነኝ።»

ኮፍያውን አደረገ።
ኮምፒውተር እንዴት እንደሚዘጋ ገና አላስተማርኩም፤
ሶኬቱን ነቅሎ ወጣ።